ሁለት ጩኸት በአንድ አደባባይ

ቦስተን ሄዶ በፌንዌይ ፓርክ የቤዝቦል ጨዋታ ማየት የሚፈልግ ሰው ቀን አይቸግረውም። የከተማው ቡድን ሬድ ሶክስ በአንድ የውድድር ዘመን በሜዳው 81 ጨዋታ ያደርጋል፤ አንዱ ካልተመቸ ሌላው ይመቻል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ኢትዮጵያዊ ተመልካች አስቦና አልሞ ሊይዘው የሚገባ አንድ ቀን አለ፤ የኤፕሪል ወር ሦስተኛው ሰኞ። ዕቅድ የሚያፋልሰውም ይኸው ቀን ነው።

ማሳቹሴትስ ያን ሰኞ ፓትሪየትስ ዴይ ብላ ታከብረዋለች። በ1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተደረገው የአሜሪካ አብዮት የመጀመሪያ ውጊያ መታሰቢያ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፤ የቦስተን ማራቶን ይሮጣል፤ ሬድ ሶክስም በጠዋት ይጫወታል። የሌላው ከተማ ቡድን ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ሲጫወት የቦስተኑ ከ1968 ጀምሮ በዚያ ቀን ረፋድ ላይ መጀመር ልማዱ ነው። ቲኬቱ ላይ 11:10 የሚል ካያችሁ በእኛ 5 ሰዓት ከ10 ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዱን ማታ 5 ሰዓት ላይ ይዞ ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ስላጋጠመኝ ነው ይህን መጻፌ።

ድሮ ሁለቱን ማየት ቀላል ነበር። ማራቶኑ የሚነሣው እኩለ ቀን ላይ ስለነበር፣ ጨዋታው 8 ሰዓት ግድም ሲያልቅ ሕዝቡ ከስታዲየም ወጥቶ ጥቂት መቶ ሜትር በእግሩ ይሄድና ኬንሞር አደባባይ ላይ ሯጮቹን ይጠብቅ ነበር። በ2007 የማራቶኑ መነሻ ወደ ጠዋት መጣ። የቤዝቦሉ ሰዓት ግን ባለበት ቀረ። በቅርብ ዓመታት ታዋቂዎቹ ወንዶች ከሆፕኪንተን የሚነሡት 3 ሰዓት ከ37 ላይ፣ ሴቶቹ ደግሞ ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ የሚገባ ወንድ ኬንሞርን የሚያልፈው 5 ሰዓት ከ38 አካባቢ ይሆናል። በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ የምትገባ ሴት ደግሞ 6 ሰዓት አለፍ እንዳለ ትደርሳለች። እንግዲህ የእኛዎቹ በአደባባዩ ሲያልፉ ስታዲየሙ ውስጥ ጨዋታው ሞቋል ማለት ነው። ፌንዌይ ደግሞ አንዴ የገባ ሰው ወጥቶ እንዲመለስ አይፈቅድም።

ስለዚህ አንዱን ማስቀደም ግድ ነው። የእኔ ፍርድ፣ መንገዱ ይቅደም። ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር አለው፤ ሦስቱ ቢያመልጥ ስድስት ይቀራል። ሯጭ ግን አንዴ ካለፈ አለፈ።

አጥሩ ሥር

ኬንሞር አደባባይ ማራቶኑ ሊያልቅ አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር የሚቀርበት ቦታ ነው። ከሕንፃ ጣሪያ ላይ የሲትጎ ነዳጅ ኩባንያ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ቁመቱም ወርዱም 18 ሜትር፣ መሐሉ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን። ሯጮቹ ከብዙ ርቀት ስለሚያዩት ደረስኩ ይላሉ፣ እሱ ግን ቶሎ አይደርስም። ከስታዲየሙ ውስጥ ሆነው ቢያዩም ከግራው ግንብ በላይ ብቅ ብሎ የሚታየው ይኸው ማስታወቂያ ነው።

5 ሰዓት ሲሆን አደባባዩ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው ቀይ የቢ ፊደል የተጠለፈበት ኮፍያ አድርጎ፣ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ እየወጣ በብሩክላይን ጎዳና ድልድይ ወደ ስታዲየሙ ይተማል። ሁለተኛው የብረት አጥሩን ተደግፎ አንገቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቢከን ጎዳና አስግጓል። ከዚህኛው መሐል አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ፈልጎ ማጣት ዘበት ነው።

አንድ ጊዜ ባንዲራቸውን በካፖርታቸው ላይ ያጣፉ አንድ አባት ከጎኔ ቆመው ነበር። ዕድሜያቸውን በታክሲ ሥራ የገፉ፣ የዚህን ከተማ ጥጋጥግ ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከደረት ኪሳቸው የወጣው የስልክ ገመድ ጆሯቸው ውስጥ ገብቷል፤ ጨዋታውን በራዲዮ ይከታተላሉ።

«ጋሼ፣ ቲኬት ይዘው ነው እንዴ እዚህ የቆሙት? ተጀመረ እኮ!» አልኳቸው።

«ምን አስቸኮለኝ ልጄ? እነዚያ እዚያው ናቸው። በመጀመሪያ ልጆቹን ልያቸው።»

«ወንዶቹ ሲያልፉ ይገባሉ ታዲያ?»

ዞር ብለው በትዝብት አዩኝ። «ሴቶቹን ሳላይ? ምን ነካህ አንተ!»

መጀመሪያ የሚሰማው ሄሊኮፕተሩ ነው። ከዚያ የፖሊስ ሞተር ብስክሌቶች፣ ከዚያ ሰዓት የተሰቀለበት መኪና። ጩኸቱ ከላይ ከመንገዱ እየተንከባለለ ይመጣና ጆሮ ያደነቁራል። ሯጩ ራሱ ሲደርስ ግን ድምፅ የለውም። ትከሻው አይነቃነቅም፤ ፊቱ ላይ ደርቆ የነጣ ጨው ይታያል፤ ዓይኑ ከፊቱ ካለው መኪና አይነቀልም። ከመታየቱ እስከ መሰወሩ ሰው ስልኩን ከኪሱ ለማውጣት እንኳ አይበቃውም። በዚያው ቅጽበት ከድልድዩ ወዲያ፣ ከስታዲየሙ፣ ሌላ ጩኸት ይነሣል። ጋሼ ጆሯቸውን ጫን አድርገው፣ «ሁለት ገባ» አሉኝ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

በዚህ መንገድ ላይ የእኛ ታሪክ የጀመረው በሽንፈት ነው። በ1963 የሮሙ ጀግና አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ አብረው መጥተው ነበር። ለረጅም ርቀት ጎን ለጎን ከፊት መሩ፤ ከዚያ ቀዝቃዛው ነፋስና የኒውተን ዳገቶች ያዟቸው። አሸናፊው የቤልጂጉ ኦሬል ቫንደንድሪሼ ሲሆን አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ወጡ። አበበ እስከ መጨረሻው ሮጦ ያላሸነፈው ማራቶን ሲጠራ ቦስተን የሚነሣው ለዚህ ነው። ድሉ እስከ 1989 ቆይቶ በአበበ መኮንን መጣ። ከዚያ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች፤ ቦስተንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት እሷ ናት። በ2016 በወንድም በሴትም ድሉ የእኛ ሆነ፤ ለሚ ብርሃኑና አጸደ ባይሳ። በ2019 ወርቅነሽ ደገፋ ገና በጠዋቱ ተነጥላ አብዛኛውን መንገድ ብቻዋን ሮጣ ገባች። በ2024 ሲሳይ ለማም ተከታዮቹን ከሩቅ ጥሎ፣ ይህን አደባባይ ብቻውን አልፎ በ2:06:17 ጨረሰ።

ስለ 2013 ግን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ጩኸቶች የተገናኙት ያን ቀን ነውና። ኤፕሪል 15 ሌሊሳ ዴሲሳ ማራቶኑን አሸነፈ። ፌንዌይ ውስጥ ሬድ ሶክስ ከታምፓ ቤይ ጋር ሁለት ለሁለት ሆኖ በመጨረሻው ዙር ማይክ ናፖሊ የመታት ኳስ የግራውን ግንብ ነካች፤ ደስቲን ፔድሮያ ከአንደኛው ቤዝ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሮጦ ገባና ጨዋታው ሦስት ለሁለት አለቀ። ሕዝቡ እየዘፈነ ወጣ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በቦይልስተን ጎዳና፣ መጨረሻው መስመር አጠገብ፣ ሁለት ቦምብ ፈነዳ። ሦስት ሰው ሞተ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ሌሊሳ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሜዳልያውን ለከተማዋ ሰጠ። በዚያው ዓመት መጸው ሬድ ሶክስ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የድል ሰልፉ ቦይልስተን ላይ ቆመና ተጫዋቾቹ ዋንጫውን የማራቶኑ መጨረሻ መስመር ላይ አስቀመጡት። ሌሊሳ በ2015 እንደገና አሸንፎ የራሱን ሜዳልያ ይዞ ተመለሰ። ቦስተን ውስጥ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ስትናገሩ ስሙን የሚያነሣላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አትደነቁ።

መንገዱ የቀደደው ሜዳ

አሁን ድልድዩን ተሻግረን እንግባ። ፌንዌይን ከሌላው ስታዲየም የሚለየው ምኑ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። የቤዝቦል ሕግ በጥብቅ የሚለካው የሜዳውን ውስጠኛ ክፍል ነው። ከቤዝ እስከ ቤዝ 27.4 ሜትር፣ ከወርዋሪው እስከ መቺው 18.4 ሜትር፣ የትም ቦታ ያው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ተከላካዮቹ የሚሮጡበት ሰፊው ሣርና ሜዳውን የሚዘጋው አጥር፣ እንደየቦታው ነው። አንዱ ስታዲየም ጋ አጥሩን ተሻግሮ ሆም ረን፣ ማለትም ቀጥተኛ ነጥብ፣ የሚሆነው ምት ሌላው ጋ ተቀልቦ ይቀራል።

ፌንዌይ ፒያሳ ላይ በሁለት መንገድ መሐል እንደተሰነቀረ ቤት ነው። በ1911 የቡድኑ ባለቤት ጆን ቴይለር ቦታውን ሲመርጥ መንገዶቹ ቀድመው ነበሩ። አርክቴክቱ ጄምስ ማክላክሊን ሜዳውን በመንገዶቹ ልክ ቀደደው። በግራ በኩል ላንስዳውን ጎዳና አለ፣ ከእሱ ወዲያ ባቡር። ስለዚህ ግራው አጠረ። በይፋ የሚነገረው ርቀት 94 ሜትር ከግማሽ ነው፤ ለጠንካራ መቺ ይህ ምንም አይደለም። መንገዱን መግፋት ስለማይቻል አጥሩን ወደ ላይ አስረዘሙት።

ግሪን ሞንስተር የሚባለው ግንብ ይኸው ነው። ቁመቱ 11.3 ሜትር፣ ሦስት ፎቅ ቤት ያህላል። ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። ሌላ ቦታ ተከላካይ በቀላሉ የሚቀልባት፣ ወደ ላይ ጎና የምትወርድ ኳስ እዚህ ከግንቡ በላይ ታልፍና ሆም ረን ትሆናለች፤ በ1978 የኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋች በኪ ዴንት ቦስተንን ያስለቀሰው በእንዲህ ያለችው ነበር። በተቃራኒው ጠብቃ ዝቅ ብላ የምትበር፣ ሌላ ስታዲየም ቢሆን አጥር የምትዘል ምት፣ እዚህ ግንቡን ድው አድርጋ ወደ ሜዳ ትመለሳለች። የግራ መስመር ተከላካይ ሙያው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ግንቡ ሲያነጥር ኳሷ የት እንደምትወድቅ አስቀድሞ ካላወቀ ወደ ግንቡ ሲሮጥ ኳሷ በራሱ ላይ ወደ ኋላ ታልፈዋለች። የሬድ ሶክስ ሰዎች ይህን ለመልመድ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ እንግዳው ቡድን ግን ያለው ጥቂት ቀን ነው።

ስታዲየሙ የተከፈተው ኤፕሪል 20 ቀን 1912 ሲሆን ቦስተን በ11 ዙር 7 ለ6 አሸነፈ፤ የተሸነፈው በኋላ ያንኪስ የተባለው የኒውዮርክ ቡድን ነበር። ታይታኒክ ከሰጠመች አምስተኛ ቀን ስለነበር ወሬው ሁሉ የመርከቧ ነበር። ያኔ ግንቡ እንጨት ሲሆን ከፊቱ ተዳፋት ነበረው፤ ተከላካዩ ዳገት እየወጣ ነበር ኳስ የሚቀልበው። ዛሬ የምናየው ቅርፅ የመጣው ቶም ያኪ ቡድኑን በ1933 ገዝቶ በ1934 ሲያድሰው ነው። አረንጓዴ የተቀባው ደግሞ በ1947 ነው፤ ከዚያ በፊት በማስታወቂያ የተሸፈነ ነበር።

ግንቡ ሥር ያለውን የውጤት ሰሌዳ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቁጥሮቹ በኤሌክትሪክ አይቀየሩም። ከግንቡ ውስጥ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሠራተኞች ናቸው የብረት ቁጥሮቹን በእጃቸው እያነሡ የሚሰቅሉት። በቀጭን ቀዳዳ ጨዋታውን ያያሉ፤ ነጥብ ሲቆጠር ቀዳሚው ሰሌዳ ይወጣና በቦታው ሌላው ይገባል። ነጫጮቹ ቋሚ መስመሮች ላይ ነጥብና ሰረዝ ተደርድሯል፤ በሞርስ ኮድ የባለቤቱ የቶም ያኪና የሚስቱ የጂን ስም መጀመሪያ ፊደላት ናቸው።

በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቢጫው የድንበር ምሰሶ ከመቺው 92 ሜትር ብቻ ይርቃል፤ በቡድኑ የቀድሞ ተጫዋች በጆኒ ፔስኪ ስም ይጠራል። ወዲያው ከምሰሶው ቀጥሎ አጥሩ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ዕድለኛ መቺ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ከዚያ በላይ፣ በአረንጓዴ ወንበሮች መሐል፣ አንዲት ቀይ ወንበር አለች። ክፍል 42፣ ረድፍ 37፣ ቁጥር 21። የሬድ ሶክሱ ኮከብ ቴድ ዊሊያምስ ጁን 9 ቀን 1946 የመታት ኳስ ያረፈችው እዚያ ነው፤ 153 ሜትር ተብሎ ተለክቷል። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው የገለባ ባርኔጣ አድርጎ ነበር፤ ኳሷ ባርኔጣውን በሳችው። ከመቺው ቦታ ቆሞ ያችን ወንበር የተመለከተ ሰው ሁሉ ውሸት ነው ይላል። ቴድ ዊሊያምስን ግን ውሸታም የሚለው አላጋጠመኝም።

ይህ ስታዲየም ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1999 ባለቤቶቹ በአጠገቡ አዲስ ለመሥራት ዕቅድ አወጡ። የዲትሮይቱ ታይገር ስታዲየም በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ አሮጌው ያንኪ ስታዲየም በ2008 ተከተለ። ፌንዌይን ያዳነው በ2002 ቡድኑን የገዛው የጆን ሄንሪ ወገን ማደስን መምረጡ ነው። በግንቡ አናት ላይ ወንበር የተሠራው በ2003 ነው፤ ለነጋዴውም ለተመልካቹም ሆነ። ዛሬ ከፌንዌይ ቀጥሎ የቆየው በ1914 የተሠራው የቺካጎው ሪግሊ ፊልድ ብቻ ነው። እሱም ሊታይ የሚገባው ነው፤ ግን በቺካጎ ጨዋታ ቀን ሲሳይ ለማ በበሩ አያልፍም።

ያልተጻፈው ሰሌዳ

ጥቁር ተመልካች እዚህ ሲገባ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ የስታዲየሙ አስጎብኚም ሆነ የከተማው ሰው ዛሬ አይደብቀውም። ኤፕሪል 16 ቀን 1945 ሦስት ጥቁር ተጫዋቾች፣ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ሳም ጄትሮና ማርቪን ዊሊያምስ፣ በዚህ ሜዳ ለሙከራ ቀረቡ። ያስጠራቸው የቡድኑ ፍላጎት አልነበረም፤ የከተማው ምክር ቤት አባል ኢዛዶር ሙችኒክ ግፊት ነበር። ሮቢንሰን ግንቡን ደጋግሞ መታ። ከቡድኑ ግን ጥሪ አልመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮቢንሰን በብሩክሊን ዶጀርስ ማልያ የዘር አጥሩን ሰበረ። ሬድ ሶክስ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1959 ነው፤ ፓምፕሲ ግሪን። በዋናው ሊግ ከነበሩት 16 ቡድኖች የመጨረሻው ነበር።

ባለቤቱ ያኔም ቶም ያኪ ነበር። ከስታዲየሙ ጎን ያለው ጎዳና ለአርባ ዓመት ያህል በስሙ ሲጠራ ቆይቶ በ2018 ወደ ቀድሞ ስሙ፣ ጀርሲ ጎዳና፣ ተመለሰ። ከአንድ ዓመት በፊት የባልቲሞሩ ጥቁር ተጫዋች አዳም ጆንስ በፌንዌይ የዘር ስድብ እንደተወረወረበት ተናግሮ ነበር፤ በማግሥቱ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። የያኪ ስም ከጎዳናው ተነሣ፤ ሞርሱ ግን ከሰሌዳው አልተነሣም። ሁለቱንም ማየት ነው።

ቲኬት፣ ባቡር፣ ካፖርት

የፓትሪየትስ ዴይ ቲኬት ቶሎ ይሄዳል። የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታዎች ሽያጭ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ይጀመራል፤ የዚያን ጊዜ የገዛ ሰው በኋላ ከአትራፊ ከሚገዛው ይሻለዋል። ቲኬቱ በስልክ ነው፤ ወረቀት የለም። ውስጥ ክፍያው በካርድ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም።

ወንበር ስትመርጡ ስለ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ጣሪያውን የተሸከሙት የብረት ምሰሶዎች አሁንም ቆመዋል፤ ከጀርባቸው የተቀመጠ ሰው ወርዋሪውን ወይም መቺውን ላያይ ይችላል። ሲሸጥ እይታው የተከለለ መሆኑ ይጻፋል፤ አንብቡት። ሁለተኛ፣ በቀኝ መስመር ጫፍ ያሉ ብዙ ወንበሮች የሚያዩት ወደ መቺው ሳይሆን ወደ ሜዳው መሐል ነው። ሦስት ሰዓት አንገት ማዞር ቀልድ አይደለም። ከጣሪያው ሥር ያሉት ሰማያዊዎቹ የእንጨት ወንበሮች ጠባብ ናቸው፤ ለድሮ ሰው ቁመና የተሠሩ። ለእኔ የሚሻለው ከመሐል ሜዳው ጀርባ ያለው ጣሪያ የሌለው መቀመጫ ነው። ርካሽ ነው፤ ግንቡ ፊት ለፊት ይታያል፤ ዘግይቶ የገባም ሰው ማንንም ሳይረግጥ ይቀመጣል።

ሆቴሉ ግን ኪስ ያራቁታል። ወደ 30 ሺህ ሯጭ ከነቤተሰቡ በዚያ ሳምንት መጨረሻ ከተማው ውስጥ ነው። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይደር። የሌለው ዉስተር ከተማ ማደርን ያስብ፤ ከዚያ የሚነሣው ባቡር ከስታዲየሙ ጀርባ ላንስዳውን ጣቢያ ያወርዳል። ከዋሽንግተን የምትመጡ ከሆነ አምትራክ ቦስተን ድረስ ይመጣል፤ አየር ማረፊያና ፓርኪንግ ከመሟገት ያሳርፋል። መኪና ይዛችሁ እንዳትመጡ። ጋሼም ቢሆኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን የነዱት ሰው፣ በዚያ ቀን በምድር ባቡር ነው የሚመጡት። ግሪን ላይን ላይ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ የሚሉት ኬንሞር ያወርዳሉ፤ ኢ አይወስድም። ኮፕሊ ጣቢያ በማራቶኑ ቀን ዝግ ነው።

ኬንሞር ስትወጡ ከስታዲየሙ ወገን፣ ማለትም ሯጮቹ ሲመጡ በቀኝ እጃቸው በሚውለው ጎን፣ ቁሙ። በሌላው ወገን የቆመ ሰው ሴቶቹ ካለፉ በኋላ በሺህ የሚቆጠር ሯጭ መሐል መንገድ ማቋረጥ ይሆንበታል። የጀርባ ቦርሳ ቤታችሁ ይቅር፤ በሩ ላይ አያስገባም። ባንዲራ ስትይዙ ያለ እንጨቱ ይሁን። ካፖርትም ያዙ። የቦስተን ኤፕሪል ሊያታልል ይችላል፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ ከባሕር የሚመጣ ነፋስ አጥንት ይሰብራል። አበበ ቢቂላን ያሸነፈ ነፋስ ነው።

ከአራተኛው ዙር የሚጀምር ጨዋታ

ሴቶቹን አይታችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ፍተሻውን አልፋችሁ ወንበራችሁ ላይ ስትደርሱ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ጨዋታው አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ላይ ይሆናል። አትደናገጡ። ቤዝቦል ሰዓት የለውም፤ የሚቆጠረው አውት ነው። በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይከላከላል፤ ሦስት መቺ አውት ሲሆን ይለዋወጣሉ። ወርዋሪው ሲወረውር መቺው ሦስት ጊዜ ቢስት አውት ነው፤ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ብትቀለብ አውት ነው፤ ኳሷ ከእሱ ቀድማ ቤዙ ጋ ብትደርስም አውት ነው። ዞሮ አራቱን ቤዝ የረገጠ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ለመጀመሪያ ቀን ይህ ይበቃል። የቀረውን ጎናችሁ ያለው ሽማግሌ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ፌንዌይ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይጠፋም።

ከ2023 ወዲህ ወርዋሪው የተወሰነ ሰከንድ ስለተሰጠው ጨዋታው አጥሯል፤ ድሮ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረው አሁን በአማካይ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ 8 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። በስምንተኛው ዙር መሐል የኒል ዳይመንድ ዘፈን ሲለቀቅ ስታዲየሙ በሙሉ ተነሥቶ ይዘፍናል፤ ከ37 ሺህ ሰው መሐል ቁጭ ብሎ መቅረት ያሳፍራል፣ ተነሡ። ስትወጡ ማራቶኑ አላለቀም። ለበጎ አድራጎት የሚሮጡት፣ በአራትና በአምስት ሰዓት የሚገቡት፣ ኬንሞርን ገና እያለፉ ነው። ለእነሱ ለማጨብጨብ የቆመው ሕዝብ ቅድም ለአሸናፊው ካጨበጨበው አያንስም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር። ሰኞው ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥምበት ዓመት አለ፤ 2027 እንዲያ ነው። ለጿሚ ስታዲየሙ ውስጥ የሚሆነው ከነልጣጩ የሚሸጠው ኦቾሎኒ ነው፤ ልጣጩን መሬት ላይ መጣል ነውር አይደለም፣ ሁሉም ይጥለዋል። በ2028 ግን ፓትሪየትስ ዴይ የሚውለው ኤፕሪል 17፣ በእኛ ሚያዝያ 9 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው፤ የፋሲካ ማግሥት። ቦስተን ዘመድ ያላችሁ ፋሲካውን እዚያው አድርጉት። ቲኬቱን ግን ከዚያ በፊት ባለው የፈረንጆቹ ገና ሰሞን ያዙ።